አዝመራው ሲገባ ጠመንጃውም ይቆለፍ

ዝንጀሮና ከርከሮ በሚያስቸግሩባቸው ቆላማና ገደላማ አካባቢዎች አርሶ አደሩ የማሽላና የበቆሎ ማሳውን ጠመንጃ ይዞ ከማማ ላይ ሲጠብቅ ይከርማል። ሰብሉ ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ ግን የጠመንጃውም ሥራ ያበቃል። በብዙ ቤት ከምሰሶ ላይ ይንጠለጠላል፤ አለዚያም ከቆጥ፣ ከመደብ ሥር ወይም ከጎታ ጀርባ ይደበቃል። አደጋው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

መደበቅ ማስቀመጥ አይደለም። እህል እንዲያወጣ ወደ ጎታው የሚላከው ልጅ የቤቱን ስርቻ ሁሉ ያውቃል። በበዓል ቀን መጠጥ ሲበዛ ወይም በማሳ ድንበር ከጎረቤት ጋር ጠብ ሲነሳ፣ በቁጣ የተነሳ ሰው እጅ ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ካገኘ ነገሩ በሽማግሌ የሚያልቅ አይሆንም።

ስለዚህ ጠመንጃ ከማሳ ሲመለስ ቤት ከመግባቱ በፊት ጥይቱ ይራገፋል። አፈሙዙ ሰውም ከብትም ወደሌለበት አቅጣጫ ይዞራል፤ ጣት ከቃታ ይርቃል። በክላሽ መጀመሪያ ካዝናው ይነቀላል፤ ቀጥሎ ማጉረሻው ወደ ኋላ ተስቦ በውስጥ የቀረው ጥይት ይወጣል፤ በመጨረሻም ባዶ መሆኑ በዓይን ይረጋገጣል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም። ካዝናው ሳይነቀል ማጉረሻው ከተሳበ አንዱ ጥይት ሲወጣ ሌላው ይጎርሳል፤ ባለቤቱም የተራገፈ የመሰለው ጠመንጃ ዝግጁ ሆኖ ይቀመጣል።

ባዶው ጠመንጃ በጓጉንቸር በሚቆለፍ ጠንካራ ሳጥን ይቀመጣል። ሳጥን ለጊዜው ካልተገኘ በሰንሰለት ከምሰሶ ጋር ይቆለፋል። ጥይቱ ከምድጃ ርቆ፣ በሌላ ቦታና በሌላ ቁልፍ ይያዛል። እንደ ምንሽር ያሉ ባለመቀርቀሪያ ጠመንጃዎች መቀርቀሪያቸው ወጥቶ ለብቻው ሊቀመጥ ይችላል፤ ያለ እሱ አይተኩሱም። ቁልፉ ከፈቃዱ ባለቤት እጅ አይወጣም።

ጠመንጃውን ከዝገት መጠበቅም የአያያዙ አካል ነው። ዩሪያና ሌሎች ማዳበሪያዎች፣ እንዲሁም ጨው እርጥበት ስለሚስቡ ብረት ይበላሉ፤ ጠመንጃ ከእነሱ ጋር አንድ ቦታ አይቀመጥ። በጋቢ ወይም በቆዳ ጠቅልሎ ክረምቱን ማሳለፍም እርጥበቱን አምቆ ያዘገዋል። ከወለወሉ በኋላ የመሣሪያ ዘይት በስሱ መቀባት ይበቃል። የኑግ ዘይት ግን ሲቆይ እየደረቀ ይጣበቃል፤ ማጉረሻውንም ያስቸግራል።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ በፈቃድ እንዲያዝ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ፈቃድ ያለው ጠመንጃም ቁልፍ ከሌለው ለልጅም ለሌባም ክፍት ነው። የመለያ ቁጥሩን ጽፎ ከፈቃዱ ጋር ማስቀመጥ፣ መሣሪያው ከጠፋም ሳይውል ሳያድር ለፖሊስ ማሳወቅ ይገባል።

የወረዳና የቀበሌ አመራሮች ለዚህ አዲስ ስብሰባ መጥራት አያስፈልጋቸውም። ስለ ድኅረ ምርት አያያዝ ምክር በሚሰጥበት መድረክ ላይ ፖሊስ በባዶ ጠመንጃ የማራገፉን ቅደም ተከተል ቢያሳይ፣ የከተማው የብረት ብየዳ ማኅበራትም ሳጥኑን በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲሠሩ ቢደረግ ብዙ ቤት ይድናል። ሴቶችም በመድረኩ መገኘት አለባቸው፤ ባልየው ገበያ ሲውል ከልጆቹና ከጠመንጃው ጋር ቤት የምትቀረው እናት ናትና። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።