ዋይፋይ ለምን ይንቀራፈፋል?

ዱባይ ያለችው እናቴ በቪዲዮ ስትደውል ጓዳ ከሆንን ምስሏ ቀጥ ይል ነበር። አያቴ «ምነው ልጄ ዝም አለች?» እያሉ ይጨነቃሉ። እኔ ስልኩ የተበላሸ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ስልኩ ምንም አልሆነም!

ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ገላጣ ሜዳ ላይ እንኳ ርቀቱ 2 እጥፍ ሲሆን የሚደርሰን ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ግድግዳ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራውን የጎረቤት ዋይፋይ፣ ብሉቱዝና ማይክሮዌቭ ምድጃም ይረብሹታል። ክፍል ውስጥ ሁላችንም ባንዴ ስናወራ መምህር የሚሉት እንደማይሰማን ማለት ነው። ያልተሰማው ይደገማል፤ ዋይፋይም የተበላሸውን መረጃ ደግሞ ስለሚልክ ይዘገያል።

ስለዚህ ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥተን ሳሎን መሃል ከፍ አድርገን አስቀመጥነው። እኛም ሳሎን ቁጭ ብለን እናወራለን። አሁን እማዬ ስትስቅ ሳትቋረጥ እናያታለን። እናንተም ሞክሩት!