ከጡት ነቀርሳ ሕመም በኋላ ወደ ሥራ ስለ መመለስ

ሥራ ለሰው እንጀራው ብቻ አይደለም፤ ክብሩና ከሰው መካከል የሚቆምበት ስፍራው ጭምር ነው። ስለዚህ ታሞ የተነሣ ሰው በእውነት ዳነ የሚባለው ትኵሳቱ በበረደ፣ ቍስሉም በጠገገ ጊዜ ብቻ ሳይሆን፣ ወደ ቀድሞ ተግባሩ ገብቶ ከጓደኞቹ ጋራ ሲቈጠር ነው። ይህ ለማንኛውም በሽተኛ የታወቀ ነገር ሲሆን፣ ከጡት ነቀርሳ ለተረፈች ሴት ግን ይልቁን የከበደ ሆኖ ይገኛል። ሐኪሙ ድርሻውን ከፈጸመ በኋላ የሚቀረው ድርሻ የአለቃዋ፣ የባልንጀሮቿና የጎረቤቶቿ ነውና፣ ዛሬ ስለዚሁ ጕዳይ ጥቂት ቃል ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ አስበናል።

በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙት የነቀርሳ ዐይነቶች ሁሉ በብዛት የመጀመሪያው የጡት ነቀርሳ ነው። ዓለም አቀፉ የነቀርሳ ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት መሠረት፣ በዚያ በአንዱ ዓመት በዓለም 2.3 ሚሊዮን ያህል፣ በኢትዮጵያም ከ16,000 የሚበልጡ ሴቶች በዚህ በሽታ ተይዘዋል። በአገራችን ከሚታመሙት ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በታች ነው። ይህም ማለት በሽታው የሚደርስባቸው ልጅ በሚያሳድጉበት፣ ደመወዝ በሚቀበሉበት፣ እርሻና ንግድ በሚመሩበት፣ ቤታቸውም አገራቸውም አብዝተው በሚፈልጓቸው ዘመን ነው። ቀድሞ የነቀርሳን ስም መጥራት እንኳ ያስፈራ ነበር፤ ዛሬ ግን በጊዜ ታክመው የሚተርፉ ስላሉ፣ «ከዚያስ በኋላ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያሻዋል።

ነገሩ ጕልህ ሆኖ እንዲታይ አንድ ስፍራ እንመልከት። ዛሪማ ከሰሜን ተራሮች ግርጌ፣ ከሊማሊሞ ቍልቍለት በታች ያለች የቆላ ከተማ ናት። በዚያ የምታስተምር አንዲት መምህርት በጡቷ ላይ እብጠት አገኘች እንበል። ከጤና ጣቢያው ተልካ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ወጥታ ደባርቅ ትደርሳለች፤ ከደባርቅም በዳባት በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዛ ጎንደር ትገባለች። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምናና፣ ኬሞቴራፒ የሚባለው በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ይገኛል። መድኃኒቱም እንደ ሐኪሙ ትእዛዝ አብዛኛውን ጊዜ በየ21 ቀኑ፣ ከአራት እስከ ስምንት ጊዜ ይሰጣል። የጨረር ሕክምና ያስፈለጋት እንደሆነ መንገዱ ይረዝማል። ይህ ሕክምና ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ የሚገኘው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ በኋላ በጅማና በሐረር ተጨምሯል። ጨረሩ ለሳምንታት በየቀኑ የሚሰጥ በመሆኑም ከሩቅ የመጣች በሽተኛ ማደሪያ ያስፈልጋታል። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከየክልሉ ለሚመጡ በሽተኞች በአዲስ አበባ ማረፊያ ማዘጋጀቱ ይህንኑ ችግር በማየት ነው። በዚህም ላይ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ በአዲ አርቃይና በዛሪማ በኩል እስከ ዳባት አካባቢ በዘለቀ ጊዜ እንደታየው፣ መንገድ ሲዘጋ ሕክምናም አብሮ ይቋረጣል።

እንግዲህ ሒሳቡን እናስላ። ስምንት ጊዜ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ለዚህ ብቻ አምስት ወር ያህል ያስፈልጋታል። የቀዶ ሕክምናው ቍስል የሚጠግበትና ጨረሩ የሚሰጥበት ጊዜ ሲጨመርበት ከግማሽ ዓመት ያልፋል። መምህርቷ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነች የሕመም ፈቃዷ የሚታየው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። በሆቴል ወይም በነጋዴ ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ጎረቤቷ ግን የምትተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ነው። ይህ አዋጅ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ ነገር ግን ሙሉ ደመወዝ የሚከፈለው ለመጀመሪያው አንድ ወር፣ ግማሹ ለሚቀጥሉት ሁለት ወሮች ሲሆን፣ የቀሩት ሦስት ወሮች ያለ ደመወዝ ናቸው። ስለዚህ የመንገዱና የማደሪያው ወጪ እየበዛ ሲሄድ፣ ከአራተኛው ወር ጀምሮ ገቢዋ ይቋረጣል። በማሳዋና በጓዳዋ የምትሠራው የገበሬ ሚስት ደግሞ የሕመም ፈቃድ የሚባል ነገር ከቶ አታውቅም። ከዚህ የተነሣ አንዳንዷ ኀይሏ ሳይመለስ ወደ ሥራ ትሮጣለች፤ አንዳንዷም ሕመሟን በነጠላዋ ሸፍና ትደብቃለች። ከሁሉ የከፋው ግን የጀመረችውን ሕክምና በመካከል መተው ነው።

የተመለሰችውስ ሴት በምን ሁኔታ ላይ ናት? ከውጭ ሲያይዋት ድና መጥታለች፤ በውስጧ ግን እንቅልፍ የማያወጣው ድካም ለወራት ይሰነብታል። ያወቀችው ነገር ለጊዜው ሊጠፋባት፣ ሐሳቧም ቶሎ አልሰበሰብ ሊላት ይችላል። ከጡቷ ጋራ በብብቷ ውስጥ ያሉት ንፍፊቶች ተቈርጠው የወጡላት እንደሆነ፣ በዚያ ወገን ያለው ክንዷ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላም ቢሆን ሊያብጥ ይችላል። እሾህ ሲወጋት፣ ምጣድ ሲያቃጥላት፣ ቢላዋ ሲቈርጣት ቍስሉ ቢያመረቅዝ እብጠቱን ያስነሣባታል። መምህርቷ ክንዷን አንሥታ በሰሌዳ ላይ መጻፍ፣ ጎረቤቷም ውኃ ቀድታ መሸከም በመጀመሪያው ወራት ይከብዳቸዋል። ይህም ሲባል ክንዱን አስሮ መቀመጥ ይገባል ማለት አይደለም፤ ሐኪሞች የሚመክሩት በየቀኑ ማንቀሳቀስን፣ ሸክሙንም ቀስ በቀስ መጨመርን ነው። ደግሞ ለበሽታው ዐይነት የሚስማማት ሆኖ ታሞክሲፈን የሚባለው ክኒን ከታዘዘላት፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት በየቀኑ ትውጠዋለች። ይህ መድኃኒት ሰውነትን ድንገት በሙቀት የሚያጥለቀልቅ በመሆኑ፣ እንደ ዛሪማ ባለ ቆላ ለምትኖር ሴት ቀላል አይደለም።

በዚህ ጊዜ አለቆች በሁለት ወገን ሲሳሳቱ ይታያሉ። አንደኛው ስሕተት ምንም እንዳልሆነች ቈጥሮ የቀረውን ሥራ ሁሉ በአንድ ቀን መጫን ነው። ሁለተኛው ርኅራኄ መስሎ የሚመጣ በመሆኑ ይበልጥ ያታልላል፤ ይኸውም «አንቺማ እረፊ፤ ይህን ሌላ ይሠራዋል» እያሉ ኀላፊነቷን አንድ ባንድ መውሰድ፣ ከስብሰባና ከሹመት መተው፣ በስም ብቻ ሠራተኛ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። የመጀመሪያው ሰውነቷን ያደክማል፤ ሁለተኛው ልቧን ይሰብራል።

ስለዚህ ነገር ከውጭ አገር አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ሳንድራ ዴይ ኦኮነር በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዳኝነት ወንበር የተቀመጠች የመጀመሪያዪቱ ሴት ናት። በጥቅምት 1981 ዓ.ም. በጡት ነቀርሳ ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ከዐሥር ቀን ያህል በኋላም በችሎቱ ተገኘች። ከዚያም እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ 17 ዓመት ያህል ስትፈርድ ቈየች። ሌላዪቱ ዳኛ ሩት ቤደር ጊንዝበርግ በ1992 ዓ.ም. በአንጀት ነቀርሳ በታመመች ጊዜ፣ ኦኮነር መድኃኒቱን ዐርብ ዐርብ እንድትወስድ፣ ቅዳሜና እሑድ አርፋም ሰኞ ከሥራዋ እንድትገኝ መከረቻት። ከዚህ ታሪክ የምንማረው ዐሥር ቀን ለሁሉ ይበቃል ብለን አይደለም፤ የዳኛ ወንበርና የውኃ ሸክም አንድ አይደሉምና። የምንማረው ወንበሯ እንደ ተጠበቀላት፣ ምን ያህል መሥራት እንደምትችል የወሰነችውም ራሷ እንደሆነች ነው።

ስለዚህ ማንኛውም የመሥሪያ ቤት ኀላፊ ሊያደርገው የሚገባው ይህ ነው። አንደኛ፣ ሠራተኛዋ ከመመለሷ በፊት አስጠርቶ ምን እንደምትችልና ምን እንደሚከብዳት ይጠይቃት፤ የሐኪሟንም ወረቀት ይመልከት። ሁለተኛ፣ ሥራዋን በደረጃ ይስጣት፤ በመጀመሪያው ወር ግማሽ ቀን፣ ቀጥሎም ጥቂት እየጨመረ። መምህርቷን የምንመለከት እንደሆነ፣ የክፍለ ጊዜዋን ቍጥር መቀነስ፣ ከዐት በላይ እጅ ማንሣት እንዳይበዛባትም የምትጽፈውን ለተማሪ ማስጻፍ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው። ሦስተኛ፣ የመድኃኒቷንና የምርመራዋን ቀን አስቀድሞ በመዝገብ ይያዝላት። በተለይ በኬሞቴራፒ ላይ ሳለች ትኵሳት ከተነሣባት በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ልትሄድ ይገባል፤ ለዚህ ፈቃድ ደጅ ማስጠናት ለሕይወቷ የሚያሰጋ ነው። አራተኛ፣ ምስጢሯን ይጠብቅላት፤ ማን ይወቅ ማን አይወቅ የምትለው እርሷ ናት። ክንዷ ወይም ሌላው አካሏ ለዘለቄታው የተጐዳባት እንደሆነም፣ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት የሚደነግገው አዋጅ ቍጥር 568/2000 አሠሪ የሥራውን ሁኔታ እንዲያመቻች ግዴታ መጣሉን ኀላፊዎች ሊያስታውሱ ይገባል።

ካህናት አባቶቻችንም በዚህ ጕዳይ ታላቅ ድርሻ አላቸው። ሕመሟን ለአለቃዋ ያልነገረች ሴት ለንስሓ አባቷ ልትነግር ትችላለችና። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፣ የመጀመሪያው ምክር ወደ ሐኪም ሂጂ፣ የጀመርሽውንም አታቋርጪ የሚል ይሁን። ጠበል የምትጠመቀውም መድኃኒቷን ሳትተው ልትጠመቅ እንደምትችል ይንገሯት። በጾም ወራትም ለደከመ ሰውነት ምን እንደሚፈቀድ አባቶች ያውቃሉ፤ ሳትጠይቃቸው ቢነግሯት ከጭንቀት ያድኗታል። ነቀርሳ እርግማንም፣ በመነካካት የሚተላለፍም እንዳልሆነ በሰንበቴና በእድር ሸንጎ ቢናገሩ፣ ሐሜቱ ይቀንሳል። ለገበሬዪቱም፣ ሕግ ያልደረሰላትን ፈቃድ ጎረቤት ሊሰጣት ይችላል፤ ውኃውን በተራ መቅዳት፣ እንጀራውን መጋገር፣ በአጨዳ ጊዜ መድረስ የአገራችን የቈየ ልማድ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለውም ለእንደዚህ ያለው ቀን ነው።

የአንዲት መምህርት መመለስ ለመሥሪያ ቤቱ ትንሽ ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በዚያች ከተማ ሌላዪቱ ሴት በጡቷ ላይ እብጠት ባገኘች ጊዜ፣ አስቀድማ የምታስበው የመምህርቷን ነገር ነው። መምህርቷ ከሥራ ተገፍታ እንደሆነ፣ እርሷም ሕመሟን ደብቃ በሽታው ከበረታ በኋላ ትወጣለች። መምህርቷ ግን ሻሿን አስራ ከተማሪዎቿ ፊት ቆማ ካየቻት፣ ሳትዘገይ የሊማሊሞን ዳገት ትወጣለች። ስለዚህ ለአንዲቱ ወንበሯን መጠበቅ የሌላዪቱን ሕይወት መጠበቅ መሆኑን እያንዳንዱ ኀላፊ አስቦ፣ የሚመለሱትን በክብር ሊቀበል ይገባዋል።