ክረምት በክሌም ክፍል

ከኮዬ ፈጬ በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ ቃሊቲ የሚመላለስ ሰው ከፊቱ በሚሄደው ሚኒባስም ሆነ አሸዋ በጫነው ሲኖትራክ መስታወት ላይ አንዲት ትንሽ ተለጣፊ ማየቱ አይቀርም። የሦስተኛ ወገን መድን ምልክት ናት። መኪናው ሰው ቢገጭ ወይም የሌላ ሰው ንብረት ቢያበላሽ፣ ሕጉ እስከወሰነው መጠን ድረስ ካሳ የሚከፍል ኩባንያ አለ ማለት ነው። በአገራችን ይህን ለባለመኪና ሁሉ ግዴታ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 559/2000 ሲሆን፣ በኋላ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ተክቶታል። የተጎዳው ሰው ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስኪጣራ ሳይጠበቅ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ የሚያዝዘውም ይኸው ሕግ ነው። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና ለጎዳው ሰው ደግሞ የመድን ፈንድ አለ። ብዙ እግረኛ ይህ መብት እንዳለው አያውቅም፤ እኔም ሁለተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ እስክሆን ድረስ አላውቅም ነበር።

ያወቅሁት ከዩኒቨርሲቲ የድጋፍ ደብዳቤ ይዤ አንድ የግል የመድን ኩባንያ ውስጥ ክረምቱን በተለማመድኩበት ጊዜ ነው። ወቅቱ ለተማሪ ጥሩ ነው። ኩባንያዎቹ ሒሳባቸውን የሚዘጉት በሰኔ መጨረሻ ገደማ ስለሆነ፣ ተማሪ በሚገባበት ሰሞን ኦዲተሮች መዝገብ እያገላበጡ ነው፤ ያልተከፈለ ካሳ ሁሉ እየተቆጠረ መጠባበቂያ ይያዝለታል። ዝናቡም አለ። አስፋልቱ ሲንሸራተትና ጉድጓዱ በውኃ ሲሸፈን የሚገጭም የሚጋጭም ስለሚበዛ፣ የካሳ ጠያቂው ወንበር ባዶ አይውልም።

የአገራችን የመድን ታሪክ ረጅም ባይሆንም መታጠፊያው ብዙ ነው። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ጉዞ መድን ይሸጥ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደርግ 13 የግል ኩባንያዎችን ወረሰ፤ ከእነሱ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተመሠረተ። አዋጅ ቁጥር 86/1986 ለኢትዮጵያውያን ባለሀብቶች በሩን መልሶ ሲከፍት አዋሽ፣ አፍሪካ፣ ናይል፣ ንያላና ሌሎችም ተከታትለው መጡ። ተቆጣጣሪያቸው ብሔራዊ ባንክ ነው።

ለተማሪ ግን ተቋሙ የሚገለጠው በታሪኩም በማስታወቂያውም አይደለም። ሠራተኛው ሁሉ ክሌም በሚለው የካሳ ክፍል ውስጥ ነው። ሽያጭ ክፍል ተስፋ ይሸጣል፤ ያ ተስፋ እውነት መሆን አለመሆኑ የሚታየው እዚህ ነው። መኪና ተጋጭቶ ባለቤቱ ሲመጣ መጀመሪያ የአደጋ ማስታወቂያ ቅጽ ይሞላል፤ መንገዱንና የመኪኖቹን አቅጣጫ በእጁ ይስላል። ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድና የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ይያያዛሉ። ከዚያ ኢንስፔክተሩ ወጥቶ ያያል፦ ፓራውልቱ፣ ኮፈኑ፣ ፍሬቻው፣ የታጠፈው ላሜራ። ጋራዦች ዋጋቸውን በታሸገ ፖስታ ያስገባሉ፤ ፖስታው በኮሚቴ ፊት ይከፈትና የተሻለው ያሸንፋል። መኪናው ከጥገና ያለፈ ከሆነ ኩባንያው ዋጋውን ከፍሎ ቅሪቱን ይወስድና በጨረታ ይሸጠዋል።

እኔ ፋይል ስቆጥር፣ ኮፒ ሳነሳ፣ ደብዳቤ ስተይብ ሰነበትኩ። ብዙ ተለማማጅ እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ክረምቱን በስልኩ ይጨርሳል። ፋይል ማንበብ ግን ራሱ ትምህርት ነው። የመድን ውል በ1952ቱ የንግድ ሕግ ሦስተኛ መጽሐፍ እንደሚገዛ፣ አዲሱ የ2013 የንግድ ሕግም ያንን ክፍል እንዳልነካው ያወቅሁት ከአንድ ውድቅ የተደረገ ጥያቄ ፋይል ነው። ውል ሲገባ መኪናውን ለግል ብቻ እጠቀምበታለሁ ብሎ የፈረመ ሰው፣ አደጋው ሲደርስ ሰው ጭኖ እያስከፈለ ነበር። አውቆ ሐሰት የተናገረ ሰው ውሉ ዋጋ ያጣበታል።

ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን ማንም ያልዋሸበት ጉዳይ ነው። አንድ በዕድሜ የገፉ የሚኒባስ ባለቤት መጡ፤ ጥገናው 300,000 ብር ተገምቷል። የክፍሉ ኃላፊ ፋይሉን ገልጣ ካየች በኋላ ቀና አለች።

«አባባ፣ መኪናው ዛሬ ቢሸጥ ስንት ያወጣል?»

«ከሁለት ሚሊዮን አያንስም፣ ልጄ።»

«ኢንሹራንስ የገባው ግን በአንድ ሚሊዮን ነው።»

ሰውየው ነገሩ ወዲያው አልገባቸውም። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ንብረቱ ከዋጋው በግማሽ ብቻ ከተመዘገበ፣ ባለቤቱ አረቦን የሚባለውን የመድን ክፍያ የከፈለው ለግማሹ ነው፤ ጉዳት ሲደርስም ግማሹን እሱ ራሱ እንደሸፈነ ይቆጠራል። ስለዚህ ከ300,000 ብር የሚደርሳቸው 150,000 ነው፤ ከዚያም ላይ ኤክሰስ የሚባለው፣ በእያንዳንዱ አደጋ ባለንብረቱ ራሱ የሚሸከመው ድርሻ ይቀነሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ እየናረ ሲሄድ፣ ውሉን በአሮጌው ዋጋ ያሳደሰ ሰው ሁሉ ሳያውቅ እዚህ ወጥመድ ውስጥ ገብቷል። ሕጉ ትክክል ነው፤ ሁሉም ከሚያዋጣው ገንዘብ ያላዋጣውን ያህል የሚወስድ ሰው ካለ ቋቱ ይደርቃል። ነገር ግን ይህን ለእኚህ ሰው መንገር የነበረበት ውሉን ሲያድስላቸው አረቦኑን የተቀበለው ሰው ነው። አንዲት ጥያቄ፣ «ዘንድሮ ዋጋው ስንት ነው?» የምትል፣ ግማሽ መኪና ታድናለች። መድን በአገራችን ሰው የማያምነው ተቋም ሆኖ የቀረው በአብዛኛው በእንዲህ ያለ ዝምታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኮዬ ፈጬ ውስጥ ከየሰፈሩ የመጣው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ እድር ለማቋቋም ብዙ አልተማከረም። እድር ለምን እንደሚያስፈልግ ሁሉም ያውቀዋልና፤ ሁሉም እኩል ያዋጣል፣ ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑም ገንዘቡም ያለ ክርክር ይመጣል። ኩባንያው የቆመውም በዚያው ሐሳብ ላይ ነው፦ የብዙዎች ጥቂት ገንዘብ ለጥቂቶች ትልቅ ጉዳት። የሚለያዩት እድርተኛው ከጎረቤቱ ጋር ሲተዋወቅ ኩባንያው ደንበኛውን የሚያውቀው በወረቀት ብቻ በመሆኑ ነው። ስለዚህ አረቦኑን እንደ ስጋቱ ያበላልጣል፦ የታክሲው ከቤት መኪናው ይበልጣል። አቅሙን የሚያልፍ ስጋት ሲገጥመው ደግሞ እሱም ሌላ ዘንድ መድን ይገባል፤ ጠለፋ መድን ይባላል። ይህንኑ የሚሠራው የኢትዮጵያ ጠለፋ መድን ኩባንያ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ያም ሆኖ ሕዝቡ ለእድሩ የሚሰጠውን እምነት ለኩባንያው አልሰጠም፤ ገበያውን የተሸከመው አሁንም በዋናነት የመኪና መድን ነው፣ የሕይወት መድን የገባ ሰው በሰፈሬ ማግኘት ከባድ ነው።

በሚቀጥለው ክረምት ለሚለማመድ ተማሪ የምለው አለኝ። የድጋፍ ደብዳቤውን በግንቦት ያውጣ፤ በሰኔ ሁሉም ይሰለፋል። ዋናው መሥሪያ ቤት ካልተቀበለው ወደ ቅርንጫፍ ይሂድ፤ ቅርንጫፍ ውስጥ ሠራተኛው ጥቂት ስለሆነ ተማሪውም እውነተኛ ሥራ ይደርሰዋል። የት ልመድብህ ሲባል ክሌም ይበል። እዚያ ከገባ በኋላ ኢንስፔክተሩ ወደ ጋራዥ ሲወጣ አብሮ ለመሄድ ይለምን፤ እኔን የወሰደኝ ሰው የተገለበጠ ፒካፕ ሥር አጎንብሶ የአሮጌውን ዝገት ከአዲሱ ስብራት እንዴት እንደሚለይ በጣቱ እየነካ አሳይቶኛል። ለዩኒቨርሲቲው የሚጻፈውም ሪፖርት ስለ ኩባንያው ራእይና ተልእኮ ገጽ ከሚሞላ፣ የአንድ ፋይልን ጉዞ ከአደጋው ቀን እስከ ቼኩ ድረስ ይዘርዝር።