የጃፓን ካቡኪ ትያትርና የሞግዚቷ የማሳኦካ ታሪክ

በጃፓን አገር ካቡኪ የሚባል የቆየ ትያትር አለ። ጀማሪዋ ኦኩኒ የምትባል ሴት ናት፤ እርሷም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1603 ዓመት በኪዮቶ ከተማ ጭፈራዋን ለሕዝብ አሳየች። ነገር ግን በ1629 መንግሥት ሴቶች በትያትር እንዳይጫወቱ ስለ ከለከለ፥ የሴቶቹን ክፍል ወንዶች ይጫወቱት ጀመር፤ ልማዱም እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል። ሞያውም ከነስሙ ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል። ኢቺካዋ ዳንጁሮ የሚባለውን ስም በ2022 ዓመት 13ኛው ወራሽ ተቀብሎታል።

የአዳራሹም አሠራር የሚያስደንቅ ነው። ከመድረኩ ተነሥቶ በተመልካቾች መካከል የሚያልፍ «የአበባ መንገድ» የሚባል መተላለፊያ አለ፤ በወለሉም ላይ ሰው ከታች ድንገት ብቅ የሚልበት ቀዳዳ ተበጅቷል። በ1758 ናሚኪ ሾዞ የሚባል ደራሲ መድረኩ እንዳለ የሚዞርበትን ብልሃት በኦሳካ ከተማ አወጣ። ስለዚህ ጂራይያ የተባለው ጀግና በአስማት ጓጉንቸር ሲያስነሣ፥ ሌላውም ወደ እባብ ሲለወጥ ተመልካቹ በዓይኑ ያያል።

ከታሪኮቹ ሁሉ ለቤተሰብ ምክር የሚሆን አንዱን እንናገር። በ1777 በኦሳካ በታየው «መይቦኩ ሰንዳይ ሃጊ» በተባለው ትያትር ሴረኞች አንድ ሕፃን መስፍን በመርዝ ለመግደል ይመክራሉ። ሞግዚቱ ማሳኦካ የሌላ ሰው እጅ የነካውን መብል ስለምትፈራ ሩዙን በገዛ እጇ ታበስላለች፤ እስኪበስልም ሕፃኑ መስፍንና የእርሷ ልጅ ሰንማትሱ ረኃባቸውን ታግሠው ይጠብቃሉ። በዚህ ጊዜ መርዝ ያለበት ጣፋጭ በስጦታ ስም መጣ። ሰንማትሱም እናቱ እንዳስተማረችው ሮጦ ቀመሰው። ሴራው እንዳይገለጥ አንዲቱ ሴረኛ ብላቴናውን በጩቤ ወጋችው፤ ማሳኦካ ግን ፊቷ ሳይለወጥ ቆማ አየች። ስጦታውን ያመጣችው ወይዘሮም «እናት ሆና እንዲህ አትችልም፤ ልጆቹን ለዋውጣለች» ብላ ስላሰበች፥ የሴረኞቹን ስም የያዘውን ጥቅል ጽሑፍ አምና ሰጠቻት። ሁሉም ከሄዱ በኋላ ማሳኦካ የልጇን ሬሳ አቅፋ ታለቅሳለች።

ወዲያው አንድ ትልቅ አይጥ ጥቅሉን ነጥቆ ይሸሻል፤ ዘበኛውም ግንባሩን ይመታዋል። ከዚያም በአበባው መንገድ ላይ ከጢስ መካከል የሴራው አለቃ ኒኪ ዳንጆ ጥቅሉን በአፉ ይዞ፥ ግንባሩም ቆስሎ ይታያል። አይጡ ለካ እርሱ ኖሯል።

ተመልካቹ በአስማቱ ይደነቃል፤ እኛ ግን ከአስማቱ ይልቅ የማሳኦካ ልቅሶ የበለጠ ይመስለናል። ስለ ታማኝነት የሚያመሰግኗት ብዙዎች ናቸው፤ የተከፈለው ዋጋ ግን የሕፃን ነፍስ ነበረ። ትያትሩም ይህን ዋጋ ሳይሸሽግ ስላሳየ፥ ጌታም ሎሌም እኩል ሊያስበው የሚገባ ነው።