አዲስ የአሳ ጫጩቶችን ወደ ኩሬ ማስገባት የሚጠይቀው ጥንቃቄ

በደቡብ ጎንደር ዞን የሚገኘው የፎገራ ሜዳ ይበልጥ የሚታወቀው በሩዝ ምርቱ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያቋርጡት ይኸው ረባዳ መሬት ውኃ የሚቋጥር ጥቁር የሸክላ አፈር ያለው በመሆኑ ለአሳ ኩሬም ምቹ ነው። ይሁን እንጂ ኩሬው በሚገባ ተቆፍሮና ውኃ ተሞልቶ ሳለ ጫጩቶቹ በገቡ በማግስቱ ሞተው ሊንሳፈፉ ይችላሉ። የዚህ መንስኤ አብዛኛውን ጊዜ በሽታ ሳይሆን የአገባቡ ጉድለት ነው።

ከባሕር ዳር እስከ ወረታ ያለው 60 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለሰው አጭር ቢሆንም በላስቲክ ከረጢት ለታሸገ ጫጩት ቀላል አይደለም። ስለሆነም ከጉዞው በፊት ለአንድ ቀን ያህል ምግብ እንዳይሰጠው ይደረጋል፤ ሆዱ ባዶ ሲሆን ውኃውን የሚበክለው ቆሻሻ ይቀንሳልና።

ከረጢቱ ኩሬው ዘንድ እንደደረሰ ወዲያውኑ አይፈታም። እንደታሰረ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ በኩሬው ላይ እንዲንሳፈፍ ተደርጎ የሁለቱ ውኃዎች ሙቀት እንዲቀራረብ ይጠበቃል። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። በታሸገው ከረጢት ውስጥ አሳው የሚያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውኃውን አሲዳማ ስለሚያደርገው የተጠራቀመው አሞኒያ ጉዳቱ ዝቅ ብሎ ይቆያል። ከረጢቱ ሲከፈት ግን ጋዙ ይወጣል፣ አሲዳማነቱም ይቀንሳል፤ አሞኒያውም ወደ መርዛማነቱ ይመለሳል። በመሆኑም ከተፈታ በኋላ መዘግየት አይገባም። የኩሬውን ውኃ በጣሳ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ጫጩቶቹ በራሳቸው ዋኝተው እንዲወጡ ማድረግ ይመረጣል። ሥራው ጧት ወይም ወደ ማታ ቢከናወን ይሻላል።

ቆሮሶ ሞቃት ውኃ የሚወድ አሳ ሲሆን ውኃው ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ አመጋገቡና እድገቱ ይቀንሳል። በአንድ ካሬ ሜትር 2 ያህል ጫጩት ማስገባት የተለመደ ነው። ቆሮሶ በፍጥነት ስለሚራባ ኩሬው በትናንሽ አሳዎች እንዳይጨናነቅ ጥቂት አምባዛ ይጨመራል። አምባዛው ግን ከቆሮሶው ጫጩት በመጠን መብለጥ የለበትም፤ አለበለዚያ ጠባቂው በላተኛ ይሆናል።

በመኖሪያ ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት በመስታወት ገንዳ የሚያዙ የጌጥ አሳዎችም ተመሳሳይ አገባብ ይሻሉ። በተጨማሪም አሞኒያውን የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ውስጥ ለመራባት ሳምንታት ስለሚፈጅባቸው በአንድ ጊዜ ብዙ አሳ ማስገባት ተገቢ አይደለም። አዲስ የመጣውንም ከነባሮቹ ለይቶ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ማቆየት በሽታን ይከላከላል።

ለፎገራ ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የጎርፍ ጉዳይ ነው። በ1998 ዓ.ም ክረምት የደረሰው ጎርፍ በወረዳው በርካታ ነዋሪዎችን ማፈናቀሉ ይታወሳል። እንዲህ ያለ ውኃ የኩሬ አሳ ጠርጎ በጉማራና በርብ በኩል ወደ ጣና ሐይቅ ማስገባቱ አይቀርም። በጣና ሐይቅ ደግሞ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ በርካታ የላቢዮባርበስ ዝርያዎች ያሉ ሲሆን ከፊሎቹ በክረምት ወደ እነዚሁ ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። በወንዞቹ መግቢያ በሚዘረጋ መረብ ቁጥራቸው ተመናምኗል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የገባው ናይል ፐርች የሐይቁን በርካታ አገር በቀል ዝርያዎች ለጥፋት መዳረጉ ሲታሰብ የሥጋቱ ክብደት ይታያል።

እምቦጭ አረምም በ2004 ዓ.ም በጣና ከታየ ወዲህ አሳ የተጓጓዘበትን ውኃ ወደ ሌላ ኩሬ መድፋት ሌላ አደጋ ሆኗል። የአሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በሥራ ላይ ያለ እንደመሆኑ ከሌላ አካባቢ ዝርያ ለማምጣት የሚያስብ ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ፈቃድና የባለሙያ ምክር ማግኘት ይኖርበታል። ለሜዳው የሚመከረው በተፋሰሱ ያሉትን ቆሮሶና አምባዛ ማርባት፣ የኩሬውን ግድብ ከጎርፍ ከፍታ በላይ ማንሳት፣ በውኃ መውጫውም ላይ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ማድረግ ነው።