በነሐሴ የሚላግ በር፦ ስለ እንጨትና ስለ መሣሪያው ተረትና እውነታ

በደጋው ከተሞች ክረምቱ ሲጠና ለአናጺ የሚደወለው ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ስለ በር ነው። በግንቦት ደህና የነበረው በር ነሐሴ ላይ በትከሻ ካልተገፋ አይዘጋም። አናጺው መላጊያውን ይዞ ይመጣል፣ ጠርዙን ይልጋል፣ በሩ ግጥም ብሎ ይዘጋል፣ ሂሳቡ ይከፈላል። ጥር ሲገባ ያው በር ከመቃኑ ርቆ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ያበጃል፤ ብርድና አቧራ ያስገባል፣ የቁልፉ ምላስም ማረፊያውን ይስታል። የተላገ እንጨት ደግሞ አይመለስም። ባለቤቱ ሠሪውን ይረግማል። የችግሩ ሥር ግን አንድ የተለመደ እምነት ነው፦ እንጨት አንዴ ከደረቀ ደረቀ እንላለን።

እውነታው ሌላ ነው። እንጨት ተሰንጥቆ፣ ተልጎ፣ በር ሆኖ 20 ዓመት ካገለገለ በኋላም አየሩ ሲረጥብ እርጥበት ይወስዳል፣ ሲደርቅ ይመልሳል። በወሰደ ጊዜ ያብጣል፣ በመለሰ ጊዜ ይኮማተራል። ይህ ለውጥ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በቁመቱ ከምንም የሚቆጠር አይደለም፤ ሥራ የሚያበላሸው በወርዱ የሚመጣው ነው። በወርዱም ቢሆን የግንዱን ዙሪያ ተከትሎ የሚሄደው ለውጥ ከልቡ ወደ ልጡ ከሚሄደው ሁለት እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ጣውላ እንደ ሰሐን የሚጎብጠው በዚህ ምክንያት ነው። ጣውላ ጎን ለጎን ተደርድሮ የተሠራ 80 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው በር፣ በበጋና በክረምት መካከል እርጥበቱ በ5 ከመቶ ቢለዋወጥ ወርዱ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ሊለዋወጥ ይችላል። በነሐሴ የምንልገው እንግዲህ ጥር ላይ የሚያስፈልገንን እንጨት ነው።

ስለዚህ በሩ ሲነካካ መላጊያ ከመነሳቱ በፊት ማጠፊያው ይታይ። በሩን ገርበብ አድርጎ እጀታውን ወደ ላይ ማንሳት ነው። በሩ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ የማጠፊያው ብሎን ላልቷል፤ እንጨቱ አላበጠም፣ በሩ ነው የወረደው። ምልክቱም ግልጽ ነው፦ በቁልፉ በኩል የላይኛው ጥግ መቃኑን ይነካል፣ በማጠፊያው በኩል ደግሞ ከላይ ክፍተት ይታያል። ብሎኑ ወጥቶ ረዘም ባለ ቢተካ፣ ወይም ቀዳዳው ኮላ በተቀባ የክብሪት እንጨት ጥቅጥቅ ተደርጎ ከደረቀ በኋላ እንደገና ቢበሳ ነገሩ ያልቃል። የክብሪት እንጨት ዘዴ የሰነፍ ሥራ እየተባለ ሲናቅ እሰማለሁ፤ ያለ አግባብ ነው። ኮላ እስካለበት ድረስ የብሎኑ ጥርስ አዲስ እንጨት ያገኛል፣ ይይዛልም።

ማጠፊያው ጠንካራ ሆኖ በሩ አሁንም ከነካካ የመቃኑን ጠርዝ በጠመኔ መቀባት፣ በሩን ዘግቶ መክፈት፣ ከዚያ በበሩ ላይ ጠመኔ ያረፈበትን ቦታ ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከአንድ መዳፍ የማይበልጥ ነጭ ምልክት ነው፤ መነካት ያለበትም እሱ ብቻ ነው። መታገሥ የሚቻል ከሆነ እስከ ኅዳር መጠበቅ ይሻላል። በሩ ሲደርቅ ደግሞ ከላይና ከታች ያሉት ጠርዞች ይቀቡ። ቀለም ቀቢ ፊትና ጀርባውን አሳምሮ እነዚህን ሁለቱን ይዘላል፤ አይታዩማ። በሩ በብዛት ውኃ የሚጠጣው ግን የእንጨቱ ቃጫ ተቆርጦ አፉን በከፈተበት በዚያ በኩል ነው።

«የተቃጠለ ዘይት ምስጥ ያጠፋል»

ይህን እምነት ከቤት ቤት የማያገኘው ሰው የለም። ከጋራዥ የመጣ ጥቁር የሞተር ዘይት የአጥር ቋሚውና የቤቱ ምሰሶ ይቀባበታል። ዘይቱ ግን ወደ እንጨቱ ጠልቆ አይገባም፤ ላዩን ይሸፍናል፣ በዝናብና በፀሐይ ይሳሳል፤ ምስጡም ከሥር፣ በስንጥቅና ባልተቀባ ጫፍ በኩል ይገባል። በዚያ ላይ ዘይቱ ከሞተሩ የወጡ የብረት ብናኞችንና ካንሰር የሚያመጡ ውሁዶችን ይዟል። ልጆች የሚደገፉት አጥር፣ ጎመን የሚተከልበት አፈር ላይ ነው የምናፈሰው። ዘይት የተቀባ እንጨት በኋላ ቀለምም ኮላም አይቀበልም።

ምስጥን የሚያሸንፈው እንጨትና አፈርን መለየት ነው። ምሰሶው ቢያንስ አንድ ስንዝር ከመሬት ከፍ ባለ ድንጋይ ወይም ኮንክሪት ላይ ይቁም። ምስጥ በባዶ ኮንክሪት ላይ ተጋልጦ አይሄድም፤ የጭቃ ቱቦ ሠርቶ ነው የሚወጣው። መሠረቱ ከተጋለጠ ያ ቱቦ ይታያል፣ ይፈርሳል፣ ከየት እንደመጣም ይታወቃል። የግድ መሬት ውስጥ መቀበር ያለበት እንጨት ከሆነ በፋብሪካ በግፊት መድኃኒት የጠጣ ምሰሶ ይመረጥ። የእሱ ቁራጭ ግን ፈጽሞ ለማገዶ አይሁን፤ መድኃኒቱ መርዛማ ነው፣ በጭስና በአመድ ውስጥ ይቀራል።

ጽድ አይነቀዝም የሚባለውስ? ግማሹ እውነት ነው። የጽድ ቀላ ያለው ልብ ምስጥንም ነቀዝንም በተፈጥሮው ይቋቋማል፤ ወይራም እንዲሁ። ከልጡ ሥር ያለው ነጣ ያለው ክፍል ግን የትኛውም ዛፍ ቢሆን መከላከያ የለውም። ዋንዛ ሲገዛም ይኸው ይሠራል፦ ጠረጴዛው ላይ ዱቄት የሚያፈሰው ነቀዝ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚያው ነጭ ጠርዝ ውስጥ ነው። ጣውላ ስንገዛ ዋጋ የምንከራከረውን ያህል ጫፉን አገላብጠን ልቡ ምን ያህል እንደሆነ ብንመለከት እመርጣለሁ።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ በበኩሉ «ለማገዶና ለአጣና እንጂ ለዕቃ አይሆንም» ተብሎ ተፈርዶበታል። መሰንጠቁና መጣመሙ እውነት ነው። ግንዱ ሲያድግ የውጪው ክፍል ተወጥሮ፣ መሐሉ ተጨምቆ ይቆያል፤ መጋዝ ሲገባበት ያ ውጥረት ይፈታል። ጫፎቹ ወዲያው በቀለም ተደፍነው፣ በየመሐሉ ቀጫጭን መለያያ ገብቶ፣ ጥላ ሥር ክብደት ተጭኖበት ለወራት የደረቀ ባሕር ዛፍ ግን ከባድና ጠንካራ እንጨት ነው። የተቸገርነው በማድረቁ ነው።

«የተሳለ መሮ ያቆስላል፣ ለጀማሪ ደነዝ ይሻላል»

ከተረቶቹ ሁሉ ብዙ እጅ ያበላሸው ይህ ይመስለኛል። ደነዝ መሮ ጉልበት ይጠይቃል፤ በጉልበት የተገፋ መሮ ሲያመልጥ የሚያርፈው ሥራውን በያዘው በግራ እጅ ላይ ነው። የተሳለው በቀላል ግፊት ስለሚሄድ በታሰበለት ቦታ ይቆማል።

የአሳሳሉ ጉዳይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙዎች መሮውን በግራይንደር ድንጋይ ላይ አስጠግተው ብልጭታ እስኪዘንብ ይይዙታል። ዓይን ጫፉ ላይ ቢሆን አንድ ነገር ያያል፦ ብረቱ መጀመሪያ ገለባ ቢጫ ይመስላል፣ ወዲያው ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ በመጨረሻም ሰማያዊ ይሆናል። በተራ የካርቦን ብረት ላይ ሰማያዊው ማለት ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሷል፣ ብረቱም ለስልሷል ማለት ነው። ያ ጫፍ ከእንግዲህ ስለት አይዝም፤ ሰማያዊው ክፍል በሙሉ ተሞርዶ መውጣት አለበት። ስለዚህ ለአፍታ ማስነካት፣ ውኃ ውስጥ መንከር፣ እንደገና ማስነካት፤ ማጠናቀቂያው በውኃ መሳያ ድንጋይ ይሁን። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ያለው የስለት ማዕዘን ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ጀርባው ፍጹም ጠፍጣፋ ካልሆነ ግን ፊቱን መሳል ዋጋ የለውም፤ ስለት የሚባለው ሁለቱ ገጾች የሚገናኙበት መስመር ነውና።

«የውጭ ካልሆነ አይረባም» የሚለውም አብሮ ይታይ። ከመኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ የተሠራ የአገር ቤት መሮ፣ በአግባቡ ከጠነከረ፣ አንጸባራቂ እጀታ ካለው ርካሽ የውጭ መሮ ይበልጣል፤ ባሌስትራ ጥሩ ብረት ነው። ፈተናው ሲገዛ ጫፉን በደህና ሞረድ ቀስ ብሎ መንካት ነው። ሞረዱ እየተንሸራተተ ትንሽ ብቻ ከነከሰ ጠንክሯል፤ እንደ ሚስማር በቀላሉ ከፋቀው ይቅር።

ኮላ በበዛ ቁጥር ይጠነክራል የሚባለው ሐሰት ነው። ነጩ የእንጨት ኮላ የሚይዘው ሁለት ገጾች ተገጣጥመው በመካከላቸው ስስ ሽፋን ሲኖር ነው፤ ወፍራም ኮላ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይለቃል። የተወዛወዘ ወንበር ሲጠገንም አሮጌው ኮላ እስከ ንጹሕ እንጨት ድረስ ካልተፋቀ አዲሱ አይጣበቅም። ከዚያ በሞርሳ፣ ከሌለም በገመድ አጥብቆ ማሰርና እስከ ማግስቱ አለመንካት። ሚስማር ሲመታ እንጨት እንዳይሰነጠቅ ጫፉን በመዶሻ ማደንዘዝ ግን ጥሩ የአባቶች ብልሃት ነው፦ ሹል ጫፍ ቃጫውን እየገፋ ይሰነጥቃል፣ ደነዙ እያደቀቀው ይገባል። ለብሎን ደግሞ ከብሎኑ አካል ጥቂት በቀጠነ ፑንታ አስቀድሞ መብሳት መያዣውን አያላላም፤ የሚይዘው ጥርሱ ነው።

በግራይንደር ላይ ሽፋኑን አውልቆ ጥርስ ያለው የእንጨት ዲስክ መግጠምን «ልምድ ላለው ሰው ምንም አይደለም» የሚሉ አሉ። እዚህ ላይ ምንም ልዝብ ቃል የለኝም፤ ይቁም። ትንሹ 115 ሚሊ ሜትር ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ዙር ይዞራል፣ ከተለመደው የእጅ ክብ መጋዝ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ጥርሱ እንጨቱ ውስጥ ሲነክስ መሣሪያው ወደ ያዘው ሰው ይዘላል፤ በዚያ ፍጥነት ልምድ እጅን ለመሰብሰብ ጊዜ አያገኝም። መሣሪያው የተሠራው ለብረትና ለድንጋይ ነው።

አቧራውም «የእንጨት ስለሆነ አይጎዳም» ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ የመደበው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። አሮጌ ቀለም ሲፋቅ ደግሞ እርሳስ ይጨመራል። ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚኖረውን እርሳስ በሚሊዮን 90 እጅ ላይ የገደበችው እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ደንብ ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ በርና መስኮት እርሳስ እንዳለበት ተደርጎ ቢያዝ ይሻላል። የብርጭቆ ወረቀቱ በውኃ ይረጠብ፣ ወለሉ በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳ፣ ሥራው እስኪያልቅ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴት ከክፍሉ ይራቁ፣ የሠራተኛው ልብስም ከቤተሰቡ ልብስ ጋር አብሮ አይታጠብ።