ተጨማሪ መረጃ፦ ስሙ የአንዱ፣ ሥራው የሌላው

በሞተር መጋዝ ላይ ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅምና ጠፍጣፋ ብረት መሪ ብረት ይባላል። በላዩ የታተመው ስም ግን ሁልጊዜ የሠሪው ስም አይደለም፤ አንዱ ፋብሪካ ያመረተውን ሌላው የራሱን ምልክት አትሞ ይሸጠዋል።

ኦሪገን የተባለውን ድርጅት እንውሰድ። መሥራቹ ጆ ኮክስ የጢንዚዛ እጭ ግንድ ስትቦረቡር ተመልክቶ፣ የመንጋጋዋን አሠራር የሚከተል የመጋዝ ሰንሰለት ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ ድርጅቱን አቋቋመ። (የፈጠራው ባለቤት እጯ ናት ቢባል ያስኬዳል!) ድርጅቱ በካናዳና በቻይና ጭምር ፋብሪካዎች ከፍቶ፣ መሪ ብረትና ሰንሰለት ለመጋዝ አምራቾች ያቀርባል፤ በራሱ ስምም በመለዋወጫ መደብሮች ይሸጣል። የጀርመኑ መጋዝ አምራች ሽቲል ግን የመጋዝ ሰንሰለቱን ስዊዘርላንድ ውስጥ ዊል በተባለች ከተማ ራሱ ያመርታል።

ስለዚህ መሪ ብረት ሲገዛ ከስሙ ይልቅ ልኩ ይታያል፦ ርዝመቱ፣ ከመጋዙ ጋር የሚታሰርበት ጫፍ ቅርጽ፣ ከሁሉም በላይ ሰንሰለቱ የሚገባበት ቦይ ስፋት። ለ1.5 ሚሊ ሜትር ቦይ የተሠራ ሰንሰለት 1.3 ሚሊ ሜትር ቦይ ውስጥ አይገባም።